ከፈተና በፊት መምጣት ያለበት ምክር፦ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወጣቶች የሙያ ምርጫ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲወስዱት ከተደረገ ወዲህ ውጤቱ በየዓመቱ የብዙ ቤተሰብ መነጋገሪያ ሆኗል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡ ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት መሻሻል መታየቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ90 የሚበልጡት ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳያገኙ ቀርተዋል። ከእነዚህ የተወሰኑት በአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። የተቀሩት ምን ይሁኑ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚነሳው ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ይህ መዘግየት ከፍተኛ ዋጋ ያስከፍላል። በመንዝ ወረዳዎች፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአመዛኙ የሚገኙት በወረዳ ዋና ከተሞችና በጥቂት አነስተኛ ከተሞች ነው። የገጠር ቀበሌ ልጅ 8ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሄዶ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ይመለስና በሶውን፣ ቆሎውንና እንጀራውን ሰንቆ እሑድ ማታ ወደ ከተማ ይገባል። የቤት ኪራዩ፣ ደብተሩና ልብሱ ብዙውን ጊዜ የሚሸፈነው በግ ተሽጦ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት አራት ዓመታት ከመንጋው ስንት በግ እንደሚወጣ ወላጆች ያውቁታል። ማሳው ጠባብ፣ የበልጉ ዝናብ የማያስተማምን፣ ውርጩም ሰብል የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ልጁ ያሰበው ባይሳካለት ወደ እርሻ ተመልሶ ራሱን ይችላል ተብሎ አይታሰብም። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሙያ አማራጮች የሚሰማው ወይም ሳይሰማ የሚቀረው ነገር የቤተሰቡን ጥሪት በቀጥታ ይነካል።

ቀደም ሲል የመለያያው ነጥብ 10ኛ ክፍል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በዘረጋው መዋቅር፣ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት መሠረት አንዱ ተማሪ ወደ መሰናዶ ሲያልፍ፣ ሌላው 10+1፣ 10+2 እና 10+3 ተብለው ወደሚታወቁት የሙያ ሥልጠናዎች ይገባ ነበር። ይህ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ለውጡ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ፈተና ምክንያት የአካዳሚ ትምህርት በር እንዲዘጋበት ማድረግ አግባብ አልነበረም። ከፈተናው ጋር አብሮ የቀረ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። ተማሪ፣ ወላጅና መምህር ስለ ሙያ ሥልጠና ፊት ለፊት የሚነጋገሩት በዚያ ወቅት ነበር፤ ንግግሩ ማን አለፈ ማን ወደቀ በሚል መንፈስ የተቃኘ ቢሆንም። አሁን ያ ንግግር ሁለት ዓመት ወደፊት ተገፍቶ 12ኛ ክፍል ላይ አርፏል። በ8ኛ፣ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል ትምህርት የሚያቋርጡት ደግሞ ከናካቴው አይደርሱበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለሙያና ቴክኒክ ትምህርት ቦታ መስጠቱ ክፍተቱን በከፊል ያጠባል። ትምህርቱ ግን የሙያ ዓይነቶችን ያስተዋውቃል እንጂ አንድን ልጅ ከነዝንባሌው፣ ከነቤተሰቡ አቅምና ከነሚኖርበት ቀበሌ ርቀት አይቶ አይመክርም።

ታዲያ በተግባር ማን ይመክራል? ወላጅ ይመክራል፤ ምኞቱ በአብዛኛው የደመወዝ ሥራ ነው። መምህር ይመክራል፤ እርሱ ራሱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በመምህራን ኮሌጅ በኩል ያለፈ በመሆኑ የሚያውቀው መንገድ ያው ነው። የሥልጠና ተቋማት ይመክራሉ፤ የግሉ ኮሌጅ ክፍያ ያስፈልገዋል፣ የመንግሥቱ ኮሌጅ ደግሞ በየዓመቱ የሚሞላው የቅበላ ዕቅድ አለው። ደላላ ይመክራል፤ ወደ ዓረብ ሀገራት በሚሸኘው ሰው ልክ ገንዘብ ያገኛል። ከእነዚህ መካከል ክፉ አሳቢው ምናልባት አንዱ ብቻ ይሆናል። ይሁንና ሁሉም በልጁ ውሳኔ የሚያገኙት ወይም የሚያጡት ነገር አለ፤ ወይም ከአንድ አማራጭ ውጭ አያውቁም። ገለልተኛ የሙያ ምክር የሚባለው መካሪው በተመካሪው ምርጫ የሚያተርፈውም የሚጎድልበትም ነገር የሌለበት፣ አማራጮቹንም ሁሉ ከነጉድለታቸው የሚያቀርብበት ምክር ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በጀት የሚያገኙት በተማሪ ቁጥር በመሆኑ፣ ከ16 ዓመት በኋላ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው ወደ ሙያ ኮሌጅ እንዳይሄዱባቸው የመሻት ዝንባሌ ይታይባቸዋል የሚል ትችት ለረጅም ጊዜ ሲቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው ገለልተኛ ምክር እንዲያስገኙ ግዴታ ጣለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ የሙያ ኮሌጆችና የልምምድ ሥልጠና ሰጪዎች ወደ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎችን በቀጥታ እንዲያነጋግሩ በሕግ ተፈቀደ። በጀርመን የሙያ ምክር የሚሰጠው ከትምህርት ቤትም ከአሠሪም ውጭ በሆነው የፌዴራል የሥራ ስምሪት ተቋም ባለሙያዎች ነው። ሁለቱም ሀገሮች የተነሱት ለማስተማር ክፍያ የሚቀበል አካል ሌላ ቦታ ሂድ ብሎ ይመክራል ብሎ መጠበቅ እንደማይቻል ከመረዳት ነው።

በደጋማው ሰሜን ሸዋ ለሚኖር ወጣት የሚጠቅም ምክር ከአካባቢው የሥራ ገበያ መነሣት ይኖርበታል። ገበያው ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። የመንዝ መንገድ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ይወስዳል። በዚያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛሉ። መርሐቤቴ ግን በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች ከመንዝ የተለየ ነው፤ ከዓለም ከተማ የሚነሳው መንገድ ሸለቆውን ተሻግሮ በለሚና በሙከጡሪ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። በዚህ መስመር በእንሳሮ ወረዳ፣ ለሚ አጠገብ፣ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ይገኛል። የዚህ ዓይነት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ብየዳ ዐዋቂ፣ የማሽን ጥገና ሠራተኛ፣ የከባድ ተሽከርካሪ ሹፌርና መካኒክ ዘወትር ይፈልጋል። ስለዚህ ለዓለም ከተማው ተማሪ የሚስማማው የሥልጠና መስክ ለመሐል ሜዳው ተማሪ ላይስማማ ይችላል።

ፋብሪካ መኖሩ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የገበያ ዕድል ከታገደች ወዲህ በኢንዱስትሪ ፓርኮች የነበረው የልብስ ስፌት ሥራ ተዳክሟል። ከዚያ በፊት ልብስ ስፌት ተማሪ ተብላ የተመከረች ወጣት የተሰጣት ምክር በወቅቱ ልክ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ምክር ሳያጣሩ መድገም ግን ልክ አይሆንም። በአንድ ወረዳ ከተማ በየዓመቱ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሠልጣኞችን ማስመረቅም እንደዚሁ ነው። ከተማው የሚገዛው በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የተወሰነ ነው።

ከፋብሪካ ውጭ ያለው ሀብት ብዙ ጊዜ በምክሩ ውስጥ ሳይነሳ ይታለፋል። የመንዝ በግ በብርድ ቻይነቱና በፀጉሩ የታወቀ ነው። ፀጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑትና ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ አርሶ አደሮች ከምርምር ተቋማት ጋር በመሆን አውራ በጎችን በጋራ እየመረጡ ዝርያውን የማሻሻል ሥራ ሲያከናውኑ ቆይተዋል። በእንስሳት ጤናና እርባታ የሠለጠነ ወጣት በእነዚህ ቀበሌዎች ለመሥራት አካባቢውን መልቀቅ አይጠበቅበትም። በመንዝ ጌራ ምድር ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራም ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ አስጎብኚና አስተናጋጅ ይፈልጋል፤ ይህ ግን ጥቂት ሰው የሚይዝና ሰላም በሌለበት ጊዜ የሚቆም ሥራ መሆኑ አብሮ መነገር አለበት።

የእጅ ሙያን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድም አለ። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለእጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም፣ ሙያ ሥልጠና የወደቁ ተማሪዎች ማረፊያ ነው የሚለው አነጋገር ከዚያው ምንጭ የሚቀዳ ነው። ሥልጠናው ከፈተና ውጤት በኋላ ብቻ እየቀረበ እስከቆየ ድረስም ይህን አነጋገር ማረም አስቸጋሪ ይሆናል።

ሥርዓቱ ራሱ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ ወደ ላይ ማደግ ይችላል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚያሠለጥን ሙያን የመረጠ ወጣት የከፍተኛ ትምህርት በር አይዘጋበትም። የመደበኛ ሥልጠና መግቢያ መስፈርት በየዓመቱ የሚወሰን በመሆኑ የአምናውን ሰምቶ መወሰን ስሕተት ላይ ይጥላል። መደበኛ ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች ደግሞ አጫጭር ሥልጠናዎችን መከታተል ይችላሉ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ በር የሙያ ብቃት ምዘና ነው፤ በተለምዶ ሲኦሲ ይባላል። ምዘናው ሙያው የት ተገኘ ብሎ አይጠይቅም። ከአባቱ ሽመናን፣ ከአጎቱ ግንበኝነትን፣ ከጋራዥ ጥገናን የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ለምዘና ቀርቦ፣ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የምስክር ወረቀት ያገኛል። በአንጻሩ ኮሌጅ ገብቶ የተመረቀ ሠልጣኝ ምዘናውን ካላለፈ በእጁ ያለው ወረቀት በሥራ ገበያው የሚኖረው ዋጋ ዝቅ ያለ ነው። ወላጆች ተቋም ከመምረጣቸው በፊት የተቋሙን ግንብና ማስታወቂያ ከማየት ይልቅ ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቱ ምዘናውን እንዳለፉ ቢጠይቁ የበለጠ ይረዳቸዋል።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላው ጉዳይ የትብብር ሥልጠና ነው። በሀገሪቱ የሥልጠና አሠራር 70 በመቶ የሚሆነው ጊዜ በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው በተቋም ውስጥ እንዲሆን ታስቧል። በትልልቅ ከተሞች ይህ ብዙ አያስቸግርም። በራቤል ወይም በወገሬ ግን ሠልጣኝ የሚቀበል ድርጅት ማግኘት ቀላል አይደለም። ድርጅት ካልተገኘ 70 በመቶው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ድርጅቱ ደብረ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ሠልጣኙ ዳግመኛ ቤት ይከራያል፣ ቤተሰቡም ዳግመኛ በግ ይሸጣል። ተግባራዊ ልምምዱ በየትኛው ድርጅት፣ ለስንት ወር፣ በማን ወጪ እንደሚካሄድ ከምዝገባ በፊት ግልጽ መልስ ያልሰጠ ተቋም የሙያውን ዋና ክፍል ሳይናገር አልፏል ማለት ነው። ተቋሙ የግል ከሆነ በሚያሠለጥንበት መስክና ደረጃ ዕውቅና ያለው መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዕውቅና የሚሰጠው በመስክና በደረጃ ስለሆነ ለአንዱ ማግኘቱ ለሌላው አያገለግልም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ የደረሰው ግጭትና የጸጥታ ችግር በአማራ ክልል የትምህርት ጊዜን አጉድሏል፤ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ለወራት ተዘግተዋል። በዚህ ምክንያት በ18 ዓመታቸው 9ኛ ክፍል የሚገኙ ወጣቶች አሉ። ለእነርሱ አራት ዓመት ተቀምጦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና መዘጋጀትና አሁኑኑ ሙያ መያዝ እኩል ሚዛን ላይ ሊቀመጡ የሚገባቸው ምርጫዎች ናቸው። በትምህርቱ ጠንካራ የሆነ ልጅ ዘገየህ ተብሎ ወደ ሥልጠና ሊገፋ አይገባም። ያልሆነለት ደግሞ ትንሽ ታገሥ እየተባለ ዕድሜው ሊያልፍ አይገባም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው የክፍል ውጤቱን፣ ፍላጎቱንና የቤተሰቡን አቅም አንድ ላይ አስቀምጦ በማየት ነው። ይህም ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድ ሥራ ነው።

ለልጃገረዶች ጊዜው ይበልጥ አጭር ነው። ትምህርት ባቋረጡ ማግሥት የጋብቻ ጥያቄ ወይም የደላላ ጥሪ ይመጣል። ወደ ውጭ ሀገር ለሥራ መሄድ በራሱ የሚወገዝ ምርጫ አይደለም። ሆኖም ሕጋዊው መንገድ 18 ዓመት መሙላትን፣ ለሚሠሩበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ መያዝንና ውሉ በመንግሥት መመዝገቡን ይጠይቃል። በዕድሜዋ ላይ ሁለት ዓመት ጨምራ ቀበሌ መታወቂያ እንድታወጣ የሚመክራት ሰው፣ በኋላ ደመወዝ ቢከለከላት ወይም ጉዳት ቢደርስባት በሕግ የምትከራከርበትን መሠረት አስቀድሞ እየወሰደባት ነው።

ሥራ ለመጀመር የሚፈልጉ ታዳጊዎችም የሕግ ጥበቃ አላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይችልም። ጤናውንና ሕይወቱን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይም አይመደብም። በጋራዥ፣ በብየዳ ቤት ወይም በስፌት ቤት የሚደረግ የሙያ ልምምድ በጽሑፍ ውል መመሥረት አለበት። በዓለም ከተማም ሆነ በመሐል ሜዳ የተለመደው ልጁን ለባለሙያው በቃል አደራ ብሎ መስጠት ነው። አደራው የሚከበርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ልጁ ለዓመታት ጠራጊና ተላላኪ ሆኖ ሙያውን ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜም አለ። የሚማረው ሙያ፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚከፈለው አበል በውሉ ላይ ከሰፈረ ወላጁ የሚጠይቅበት፣ ባለሙያውም የሚጠየቅበት ነገር ይኖራል።

በየወረዳው የሚገኙ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ፈላጊዎችን ይመዘግባሉ፤ የዓመቱን የመግቢያ መስፈርትና የምዘና መርሐ ግብርም ያሳውቃሉ። ለተሟላ አገልግሎት የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ይዞ መቅረብ ይበጃል። 18 ዓመት ያልሞላው ታዳጊ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ቢመጣ ይመረጣል። በተቋምና በመስክ ምርጫ ላይ ምክር የሚጠይቅ ተገልጋይ ባለሙያውን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አማራጮች ከነወጪያቸውና ከነሥራ ዕድላቸው እንዲያቀርብለት ሊጠይቅ ይችላል። በሀገር ውስጥ ሥራ ለማገናኘት ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል ለግል አገናኝ ኤጀንሲዎችም ቢሆን በሕግ አልተፈቀደም፤ በዚህ ስም ክፍያ የተጠየቀ ወጣት ሳይከፍል ለዚያው ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።